የቆዳ ፋብሪካው ወለል

«ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው» አለች ሙሉነሽ፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደ ኦቦ ገርባ እያቀረበች። «ከነጠላዋ ሥር። ስታጎነብስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዛሬ አይጠየቅም» አሉ ኦቦ ገርባ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ድንኳኑን ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው። «ሰውዬው ትናንት ነው የተቀበረው። አፈሩ እንኳ አልደረቀም።»

«ልጆቹስ ኦቦ? ሰኞ አዳራሹ ይከፈታል ያሉን አንቱ አይደሉም?»

«ብያለሁ። ግን ከሐዘንተኛ አንገት ላይ ቁልፍ አልፈታም።»

ገለቴ ሁሉንም ትሰማለች። ሐዘንተኛ የማይሰማ የሚመስላቸው ሰዎች ይገርሟታል። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ ጆሮዋ ግን ድንኳኑ ውስጥ የወደቀውን ቃል ሁሉ ይለቅማል። በወዲያኛው ጥግ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ስለ አዲስ አበባው ማስተር ፕላን ይከራከራሉ።

«ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል እኮ።»

«በሬዲዮ የቀረ ነገር ሁሉ ቀርቷል ማለት ነው? ይልቅ ጣል፣ ተራህ ነው።»

በር አጠገብ ደግሞ ስማቸውን የማታውቃቸው ሁለት ሴቶች ስለ ባሏ ያወራሉ።

«የፋብሪካውን ብረት ነቅሎ ነቅሎ ሸጦታል ይላሉ።»

«ኧረ ተይ! ሙት ነው።»

«ሙትማ ነው። እሑድ እሑድ ግን ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ምን ይቀጠቅጣል?»

«ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር እንጂ።»

ገለቴ ቁልፉን በነጠላዋ ላይ ጨበጠችው።

ባሏ ቦሩ የአሮጌው ቆዳ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ፋብሪካው ሥራ ያቆመው ልጃቸው ኤቢሴ ሳትወለድ ነው። ባለቤቱ አገር ጥሎ ሄደ፤ ማሽኖቹም ተጭነው ተወሰዱ። የቀሩት ትልቁ አዳራሽ፣ ሰፊው ግቢና ከበሩ አጠገብ ያለችው የጥበቃ ቤት ናቸው። ቀበሌው አዳራሹ ለመንደሩ ሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲሆን ከፈቀደ ቆይቷል። ያልፈቀደው ቦሩ ብቻ ነበር። ወላጆች በመጡ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «ገና ነው» ይላቸዋል። ልጆች አጥር ሲዘሉ ካየ ዱላ ይዞ ያሯሩጣቸዋል። ከብት እንኳ አያስገባም።

ከሁሉም በላይ አዳራሹ ይከፈት እያለች የምትጮኸው ደግሞ የገዛ ሚስቱ ነበረች።

ምክንያት ነበራት። ትምህርት ቤቱ ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ተቃውሞው ከተነሳ ወዲህ የጅማ መንገድ የልጅ መንገድ መሆኑ ቀርቷል። አንድ ቀን ድንጋይ ይደረደርበታል፤ ሌላ ቀን ጎማ ይቃጠልበታል፤ ከዚያ አድማ በታኝ ይመጣና ጭስ ይለቅበታል። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ገለቴ የኤቢሴን እጅ ይዛ አስፋልቱን ልትሻገር ስትል ሕዝቡ ከሁለቱም በኩል ሮጦ መጣ። እጇ ውስጥ የነበረው ትንሽ እጅ ሾልኮ ሄደ። ዓይኗ እየነደደ፣ የልጅዋን ስም እየጠራች፣ የቆመ ሚኒባስ ሥር ሳይቀር እያጎነበሰች ፈለገች። በመጨረሻ የባለሱቁ የጋሽ ዲኖ ቆርቆሮ መዝጊያ ከፍ አለ፤ ኤቢሴ ከሌሎች ልጆች ጋር የስኳር ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። «እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለቻት።

የዚያን ዕለት ማታ ቦሩን አላስተኛችውም።

«ቁልፉን ስጣቸው።»

«ትንሽ ታገሺ።»

«ምኑን ነው የምታገሰው? ልጄን አስፋልት ላይ እስካጣት?»

«ወለሉ ጥሩ አይደለም፣ ገለቴ።»

«የቆዳ ሽታ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ቦሩ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እሷ ግን ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠረችው። ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው ሳይጠየቅ የተናገረው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለች ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረውና «ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው» አላት። እሷም እሺ አለችው።

አሁን ያ «እሺ» አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይከብዳታል። የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ሰኞ ደግሞ ቅርብ ነው። አዳራሹ ሳይመረመር ልጆቹ ቢገቡ ቦሩ የፈራው ነገር አለ፤ ባይገቡ አስፋልቱ አለ። ኤቢሴ ደጅ ላይ ከልጆች ጋር ስትስቅ ድምፅዋ ይሰማታል። በሁለቱም በኩል ልጅዋ ናት ያለችው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዲኖ ሊያስተዛዝኑ መጡ። ልጃቸው ሬሐና አብራቸው ነበረች። ሬሐና ፍራሹ ላይ ከገለቴ ጎን ተቀምጣ «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እትዬ ገለቴ» ስትላት፣ ገለቴ ድንገት ቀና አለች።

«ሬሐና፣ አንቺ አዲስ አበባ ሥራሽ ምንድን ነበር?»

ልጅቷ ደነገጠች። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀችም። «ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ውኃ እንመረምራለን፣ አፈርም…»

«ወለልስ?»

«ምን?»

«የሲሚንቶ ወለል። ቆዳ ሲለፋበት የኖረ ወለል።»

ሬሐና ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአሮጌውን ፋብሪካ ነው? እሱንማ መንካት አይደለም መርገጥም ያስፈራል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የሚባል ነገር አለ። አንዱ ዓይነት ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ሌላው ግን መርዝ ነው፣ ወለልና አፈር ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ማን ሊገባበት ነው?»

«የኔ ልጅ። የነሱም ልጆች። ሰኞ።»

«ሰኞ!» ሬሐና ጮኸች፤ ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ ዞሩ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ግን እንደ ቸኮለ ሰው ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «ነገ ጠዋት ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ። አለቃዬን አስፈቅዳለሁ። ግን ግቢውን ማን ይከፍትልኛል? ጠባቂ አለ?»

«ጠባቂው አሁን እኔ ነኝ» አለች ገለቴ።

በነጋታው ሬሐና በባጃጅ መጣች፤ ጭኗ ላይ ትልቅ ሳጥን አቅፋለች። ገለቴ ባየቻት ቅጽበት ከፍራሹ ተነሳች። ሙሉነሽ መንገድ ዘጋችባት።

«ወዴት ነው አንቺ? ሰልስት እንኳ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከፍራሽ ይነሳል? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

«ቁልፉን ለኦቦ ገርባ ስጪያቸው፤ እሳቸው ይከፍታሉ።»

«ኦቦ ገርባን አምናቸዋለሁ። አንቺን ነው የማላምንሽ፣ ሙሉዬ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ልጅሽን አዝለሽ ትገቢያለሽ፤ ማን ያስወጣሻል?»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ስንጮህ ከፊት የነበርሽው አንቺ ነበርሽ» አለች ሙሉነሽ ቀስ ብላ። «አሁን ደግሞ እንደ ቦሩ ገና ነው ልትዪን ነው?»

«ገና አልልሽም። ይመርመርና ዛሬ ጥሩ ነው ከተባለ ነገ መጥረጊያ ይዤ የምቀድምሽ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ኦቦ ገርባ ዞረ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ትንሽ አሰቡ። «ሐዘንተኛ ብቻዋን ከቤት አትወጣም» አሉ። «ይህ ደንብ ነው። ግን ለቅሶ ቤት ማለት ምንድን ነው? ሐዘንተኛዋ ያለችበት ነው ለቅሶ ቤቱ። እንግዲህ ተነሱ! ተከተሏት!»

ለቀስተኛው ሁሉ ተነሳ። ከፊት ገለቴና ሳጥኗን የተሸከመችው ሬሐና፣ ቀጥሎ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከዚያ ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻ ካርታቸውን ኪሳቸው የከተቱ ወንዶች። ልጆች ከግራና ከቀኝ ይሮጣሉ። በመንገድ ያገኟቸው ሰዎች ቀብር መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከቡራዩ ለማስተዛዘን የመጡ የሩቅ ዘመዶች ባዶ ድንኳን ጠብቋቸው ግራ ከገባቸው በኋላ እነሱም አቧራውን ተከትለው መጡ፤ የፋብሪካው በር ላይ ደርሰው፣ ሌላ የሚሉት ቢጠፋቸው፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

ገለቴ ቁልፉን ከተተችና አዞረች። የግቢው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

«ከዚህ ማንም አያልፍም!» ብላ ሬሐና እጇን ዘረጋች። ለራሷና ለገለቴ የአፍ መሸፈኛ አሠረች፤ ጓንት አጠለቀች፤ ጫማቸው ላይ ላስቲክ አሰረች። ኦቦ ገርባ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቆሙ። ገለቴና ሬሐና ግቢውን አልፈው አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

ገለቴ አዳራሹን ከውስጥ አይታው አታውቅም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ በተሰበሩት መስኮቶች ፀሐይ ይገባል። ቆዳው ሲዘፈዘፍበት የነበረው የገንዳዎቹ ቦታ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። እዚያ ጋ ሰሌዳ፣ እዚህ ጋ ትንንሽ ወንበሮች፣ ኤቢሴ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ሆና በሐሳቧ ታየቻት።

ሬሐና ተንበርክካ ወለሉን በርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ጨርቁን በብልቃጥ ባለ ውኃ ነከረችው፤ ከዚያ ከሌላ ብልቃጥ ጠብታ ጨመረችበት። «መጥፎው ክሮም ካለ ወይን ጠጅ ይሆናል» አለች።

ምንም አልሆነም። ውኃው እንደ ነበረ ውኃ ነው።

«ምን ሆነ?» ጮኸች ሙሉነሽ ከበሩ።

«ምንም!»

«ምንም ማለት ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ጥሩ ነው!»

ከበሩ የደስታ ሁካታ ተነሳ። «ቀስ! ለቅሶ ላይ እኮ ነን!» ሲሉ ኦቦ ገርባ ተቆጡ፤ የሳቸውም ድምፅ ግን ከሁሉም የበለጠ ጮኸ።

ሬሐና ግን አልሳቀችም። ግድግዳውን ጠረገች፤ ጥሩ ነው። የገንዳዎቹን ቦታ ጠረገች፤ ጥሩ ነው። ግንባሯ ተቋጠረ። «እንዲህ መሆን አልነበረበትም» አለች። «ይሄ ቦታ ከሁሉም የባሰ መሆን ነበረበት።» በግንባሯ መሬቱን ልትነካ ጥቂት እስኪቀራት አጎንብሳ አየች። ሲሚንቶው ላይ ትንንሽ ጭረቶች ነበሩ፤ በመሮ የተፈቀፈቁ ይመስላሉ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልተውታል። ከወለሉና ከግድግዳው ፍርፋሪ ፍቃ በትንንሽ ብርጭቆዎች አሸገች፤ የተወሰደበትን ቦታ ጻፈችባቸው።

ወጥተው ግቢውን ዞሩ። ከጥበቃ ቤቷ ጀርባ ድንጋይ በጥንቃቄ የተነጠፈበት አንድ ቦታ ነበር። ሬሐና ሁለት ድንጋይ አንሥታ በትንሽ አካፋ ቆፈረች። አፈሩ አፈር አልነበረም፤ አረንጓዴና ቢጫ የቀላቀለ የሲሚንቶ ዱቄት ነው። ከሱም በብርጭቆ አሸገች፤ ትንሽ ቆንጥራ በብልቃጡ ውኃ በጠበጠችው፤ ጠብታውን ጣል አደረገችበት።

ውኃው ወዲያው ወይን ጠጅ ሆነ። እንደ ቄስ ካባ ደማቅ ሆነ። ገለቴን የቀለሙ ማማር አናደዳት።

አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት ሴቶች ልጆቻቸውን ጎትተው አራቁ። ሬሐና ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ይሄ መጠቆሚያ ነው። እውነተኛው መልስ ላቦራቶሪ ነው ያለው። እነዚህን ብርጭቆዎች ዛሬውኑ አዲስ አበባ ማድረስ አለብኝ።»

«አትደርሺም» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ። «ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቷል። አንቺ ካለፍሽ ጀምሮ ድንጋይ ነው።»

«እኔ አሳልፋታለሁ» አለ ጋሮማ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጋሮማ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት አቋርጦ የተመለሰ ወጣት ነው፤ የመንደሩ ልጆች ድንጋይ ሲደረድሩ ከፊት የሚታየው እሱ ነበር። ገለቴ ታኅሣሥ ላይ በዚህ በር የሆነውን አስታወሰች። ጋሮማና ጓደኞቹ ቤንዚን በጀሪካን ይዘው መጥተው ነበር። ቦሩ በሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አልተነሳም።

«ክፈት! የኢንቨስተር ንብረት ነው፣ ይቃጠላል!»

«ኢንቨስተሩ ከሄደ ቆየ» አለ ቦሩ። «ጭሱ እሱ ጋ አይደርስም።»

«አንተ የነሱ ውሻ ነህ!»

«እሺ። ግን ነፋሱ ወደ የት ነው የሚነፍሰው?»

ልጆቹ ሳያስቡት ቀና ብለው ባሕር ዛፉን አዩ። ጫፉ ወደ መንደሩ ጎንበስ ይላል። «ውስጥ ያለው ነገር ሲቃጠል ማን እንደሚተነፍሰው እዩት» አለ ቦሩ፣ «ከዚያ ለኩሱ። አልከለክላችሁም።» ጋሮማ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ጀሪካኑን አንሥቶ በመጣበት ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን ጋሮማ የሬሐናን ሳጥን ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ ገባ። «አታስቡ፣ እትዬ ገለቴ» አለ። ባጃጁ አቧራ አስነሥቶ ሄደ።

ለቅሶው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ እንደ ለቅሶ አልሆነም። ኔትዎርክ ጠፍቷል፤ ሬሐና ትድረስ አትድረስ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹ ንፍሮ እያቀረቡ ስለ ወይን ጠጁ ቀለም ያወራሉ። አንዷ አዳራሹ ያለቀለት ነው ትላለች፤ ሌላዋ ውኃው ንጹሕ ነበር ብላ ትምላለች። ሙሉነሽ ሁለቱንም ትቆጣለች፤ ደጁን ግን ከሁሉም በላይ የምታየው እሷ ናት። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ድንኳኑ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

ገለቴ ስለ ድንጋይ ንጣፉ ታስባለች። ማን አነጠፈው? ለምን? በሩ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ሹክሹክታ ተመልሶ መጣባት። መዶሻ። እሑድ እሑድ። እውነት ባሏ ሌባ ነበር?

እሑድ እሑድ ቦሩ ሲመለስ ፀጉሩ አመድ የመሰለ ነበር። ኤቢሴ «አባዬ!» ብላ እየሮጠች ስትሄድ «ቆዪ፣ ቆዪ!» እያለ ይሸሻታል፤ በቤቱ ዞሮ ከኋላ ይገባል፤ ለብቻው ይታጠባል፤ ሸሚዙን ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም። ልጅቱ በር ላይ እጇን ዘርግታ ትቀራለች። ገለቴ ይህን ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር። ወንድ ልጅ ፈልጎ ሴት በመውለዷ ቅር ያለው ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገረችው። ቦሩ ታጥቦ መጥቶ ኤቢሴን እስክትተኛ ድረስ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ዞረ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ያው ሸሸ።

የሰልስቱ ጸሎት ተደርጎ፣ ወንዶቹ የድንኳኑን ካስማ መንቀል እንደ ጀመሩ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ጡሩምባውን እየነፋ ባጃጅ መጣ።

«በለቅሶ ቤት ክላክስ!» አሉ ኦቦ ገርባ፤ ግን እየተጣደፉ ወደ መንገዱ ወጡ።

ጋሮማ ገና ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ፊቱ ያበራል። «አሳለፉን! ዓለም ገና ላይ "ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?" አሉኝ። "የመንደራችን አፈር ነው፣ ሊመረመር ነው" አልኳቸው። ድንጋዩን በእጃቸው አነሡልን!»

«ውጤቱን ንገረን አንተ!» አለች ሙሉነሽ።

ሬሐና ወረደች። ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ሰዉ ከበባት፤ የድንኳኑ ሸራ ግማሹ ወርዶ ግማሹ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሷ ግን በሰዉ መካከል አልፋ ገለቴ ፊት ቆመች።

«አዳራሹ ከሚፈቀደው በታች ነው። ወለሉም ግድግዳውም። ታጥቦ፣ አዲስ ሲሚንቶ ሲፈስበት ልጆች ሊገቡበት ይችላሉ። ሰኞ አይደለም፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ። ግቢው ግን አይነካም። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ያለው ቦታ ይታጠራል፤ በባለሙያ ተጭኖ እስኪወሰድ ማንም አይጠጋውም።»

ከሴቶቹ መካከል ትንፋሽ እንደ ነፋስ ወጣ። ማንም ግን ገና አልተንቀሳቀሰም፤ ሬሐና አልጨረሰችም ነበር።

«እትዬ ገለቴ፣ አዳራሹ ከመጀመሪያው ንጹሕ አልነበረም። ሰው ነው ያጸዳው። የወለሉን የላይኛውን ሽፋን በሙሉ በመሮ ፈቅፍቆ አንሥቶታል። የገንዳዎቹ ቦታ ላይ ደግሞ በጥልቀት ሄዷል። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ የተቀበረው ፍርፋሪ ከአዳራሹ ወለል ጋር አንድ ነው። ተሸክሞ አውጥቶ እዚያ ቀብሮ ድንጋይ አነጠፈበት። ይሄ የአንድ ሰሞን ሥራ አይደለም።»

«እሑድ እሑድ…» አለች ያቺ በር አጠገብ የነበረችው ሴት፤ ጨርሳ ልትለው ግን አልቻለችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ዱጋ» አሉ ኦቦ ገርባ በኦሮምኛ፣ እውነት ነው እንደ ማለት፤ ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። «ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ ምን ትሠራለህ አላልኩትም።»

«መቅበሩ ስሕተት ነው» አለች ሬሐና በቀስታ። መዋሸት አልፈለገችም። «መርዝ ስለ ተቀበረ አይጠፋም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዙ መውረዱ አይቀርም። በልጉ ሳይገባ ማግኘታችን ነው ደጉ። እሱ ግን ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም።»

ኤቢሴ በሰዎቹ እግር መካከል ሾልካ መጥታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

«እሱን የገደለው ይሄ ነው?» አለች ገለቴ።

«አላውቅም፣ እትዬ። የመረመርኩት ወለሉንና አፈሩን ነው። ሰው አልመረመርኩም።»

ገለቴ ራሷን ነቀነቀች። ሰው የማያውቀውን አላውቅም ሲል ደስ ይላታል። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ለኦቦ ገርባ ሰጠቻቸው። «እንግዲህ አንቱ ይያዙት» አለች። «አጥሩን ዛሬ እንጀምር። ሲሚንቶውን ማን ያመጣል?»

«እኔ ሲሚንቶም አሸዋም አለኝ» አሉ ጋሽ ዲኖ። «ለቤት ያስመጣሁት።»

«እኛ እንደባልቃለን!» አለ ጋሮማ። «ጓደኞቼን ልጥራ። ድንጋይ መሸከም ለምደናል።»

በዚህ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሊስቅ ፈለገ። ሁሉም ይናገር ጀመር፤ አንዱ ስለ መስኮቶቹ፣ ሌላው ስለ ሰሌዳ፣ አንዷ እናት ልጅዋን ወደ ላይ አንሥታ ታነጥራታለች። ከዚህ በኋላ አስፋልት የለም! ጭስ የለም! ሴቶቹ ግን ድንገት ቆሙ። ሁሉም ወደ ገለቴ ዞሩ። ሙሉነሽ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች፤ ጉንጮቿ ተነፍተዋል፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። የሐዘንተኛ ደጅ ነው። የሞተው ሰው የቀብር አፈር ገና አልደረቀም። እልል የሚባልበት ቦታ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃሉ።

ገለቴ የዘቀዘቀችውን ነጠላ ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ወደ አፏ አነሣች።

«እልልልልል…»

መካከል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሙሉነሽ ከተሰበረበት ተቀበለቻት።